ሁለቱም «ልጄ ነው» ሲሉ

ዛሬ የማወጋችሁ በየሰፈራችን ስላለ፣ ግን ሽማግሌ ፊት ወይም ቃዲ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በሹክሹክታ ስለሚታለፍ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን አሰናብቼ የመድረሳውን በር ስቆልፍ አንድ ሰው መጣ። ልጁ እኔ ዘንድ ይቀራል፤ አውቀዋለሁ። ሚስቱ ከሞተችበት አምስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበርና የሟች እናት ወስደው አሳደጉት፤ አባትየው ደግሞ ጅዳ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ይልክ ነበር። ኋላ ሥራውም ሲጠፋ፣ መኖሪያ ፈቃዱም ሲበላሽ መላኩ ቀረ። አሁን ተመልሷል፣ አግብቷል፣ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ልጁንም ይፈልጋል። አያቱ ግን አልሰጥም ብለዋል።

«ዑስታዝ፣ በሸሪዓ ልጅ የአባቱ አይደለም ወይ?» አለኝ።

«እንዴታ! የአባቱ ነው እንጂ» አልኩት። ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ነው የመለስኩለት። እሱም ደስ ብሎት ሄደ። በማግስቱ «ዑስታዙ ፈርደውልኛል» እያለ ማውራቱን ሰማሁ። አያቱም ሰሙ። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመድረሳ ቀረ፤ ለካ እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ከቤት አላስወጣ ብለውት ነው።

እኔ ቃዲ አይደለሁም። ያንን መልስ ስሰጥ የልጁን ዕድሜ አላነሳሁም፤ ማን ሲያበላውና ሲያለብሰው እንደኖረም አልጠየቅኩም። ስላፈርኩ ማታ ኪታቦቼን አወረድኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ ያሰፈሩትን የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ከዚህ በፊት አንብቤው ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ዑመር ከአንሷር ሴት ዓሲም የሚባል ልጅ ወልዶ ነበር፤ ኋላም ከሴትየዋ ጋር ተለያየ። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ ቁባእ ሲሄድ ልጁን በመስጂዱ ግቢ ሲጫወት አየው። ክንዱን ይዞ አነሳውና ከፊቱ በከብቱ ላይ አስቀመጠው። ይህን ጊዜ የልጁ አያት ደረሰችበትና ያዘችው። ተከራከሩ። ክርክሩ እዚያው አላልቅ ስላለ የወቅቱ ኸሊፋ ወደነበረው አቡበክር (ረ.ዐ.) ሄዱ። ዑመር ልጄ ነው አለ፤ አያትየዋም ልጄ ነው አለች። አቡበክር ለአያትየዋ ፈረደ። ዑመርም ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገረም። በሌሎች ዘገባዎች ተከራካሪዋ ራሷ እናቲቱ እንደነበረች ተወርቷል፤ ፍርዱ ግን ያው ነው።

እስቲ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ዑመር ነው! ሸይጧን እንኳ መንገድ የሚለቅለት ሰው ነው። ከአቡበክር ቀጥሎ በሙስሊሞች ዘንድ ቃሉ የሚሰማ፣ ማንም በእምነቱ የማይጠረጥረው አባት ነው። ልጁን የወሰደውም ሊበድለው አይደለም፤ ወዶት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዲት አሮጊት አልረታም። እኛ ዘንድ ቢሆን «የማንን ልጅ ነው የምትከለክይው?» ተብላ ነበር የምትገሠጸው።

ከዚህና ከመሰል ማስረጃዎች ተነስተው በአራቱም መዝሀቦች የታወቀው አቋም፣ ሕፃን ልጅን በማሳደግ፣ ማለትም በሐዷና፣ እናት ከአባት ትቀድማለች፤ እናት ከሌለች ደግሞ የእናት እናት ከአባት ትቀድማለች የሚል ነው። እንግዲህ የኔ «እንዴታ» ምን ያህል ጥድፊያ እንደነበረበት ተመልከቱ።

ነገር ግን ታሪኩን ይዛችሁ ወደ አያቶች ብቻ አታጋድሉ። ሐዷና ጊዜ አለው። በሀገራችን በብዛት ከሚሠራባቸው መዝሀቦች በሐነፊይ ወንድ ልጅ ራሱን ችሎ መብላት፣ መልበስና መታጠብ ሲጀምር፣ ይህም በሰባት ዓመት ግድም ነው ብለው ገምተውታል፣ ወደ አባቱ ይሄዳል። በሻፊዒይ ልጁ ክፉና ደጉን የሚለይበት ዕድሜ ሲደርስ ራሱ እንዲመርጥ ይደረጋል። ማሊኪዮች ደግሞ ወንዱን እስኪጎለምስ በሴቶቹ እጅ ያቆዩታል። የዚያ ሰው ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ስለዚህ አባትየው ባዶ እጁን አልመጣም፤ የሚያቀርበው ክርክር አለው። የኔ ጥፋት መልሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት መሆኑ አይደለም። ለአንድ ወገን እንደ ዱላ ማቀበሌ ነው።

ሌላም አለ። ልጁ አያቱ ዘንድ ቢያድግም አባቱ አባትነቱን አያጣም። የዘር ሐረጉ በእርሱ ይጠራል። ንብረቱን የሚጠብቅለት ወሊይ እርሱ ነው። የትምህርቱና የሥነ ምግባሩ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ነው። ልጁን ማየትና መጎብኘት ሊከለከል አይችልም። «አባትህ ጥሎህ የሄደ ነው» እያሉ ልጅን ማሳደግ ደግሞ እንጀራ እያጎረሱ በውስጡ እሬት እንደመጠቅለል ነው። በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ እናት በልጇ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዱ መደንገጉን አንርሳ። ወሰኑ ለሁለቱም ነው።

ነፈቃውስ? ልጁ በማንም እጅ ይሁን፣ የራሱ ገንዘብ ከሌለው ቀለቡና ልብሱ በአባቱ ላይ ነው። አቅም ያጣ እንደ አቅሙ ነው። ነገር ግን ባጣሁበት ጊዜ አያት ትቻለው፣ ባገኘሁ ጊዜ የኔ ነው የሚል ስሌት በየትኛውም ኪታብ አላገኘሁም።

በክርክር መሀል አንዳንድ አያቶች «ነብዩስ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደጉት በአያታቸው እጅ አይደለም ወይ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ወሰዷቸው፤ እስከ ስምንት ዓመታቸውም አሳደጓቸው። ግን አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። በሕይወት ያለን አባት ለመከልከል ይህ ማስረጃ አይሆንም። በነገራችን ላይ በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባት የሞተበት ነው እንጂ እናቱ የሞተችበት አይደለም። አባቱ በሕይወት እያለ ልጅን እንደ የቲም ማኖር፣ ያደረገው አባትም ይሁን አያት፣ ያሳዝናል።

ታዲያ ልጁ ይምረጥ ካልንስ? አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድን ልጅ በእናቱና በአባቱ መካከል አስመርጠውታል፤ ልጁም የእናቱን እጅ ይዞ ሄዷል። ሆኖም ኢብኑል ቀዪም በዛዱል መዓድ ከሸይኻቸው ከኢብኑ ተይሚያ ሰምተው የጻፉት አንድ ወሬ አለ። ወላጆች በልጅ ተካሰው ቃዲው ልጁን አስመረጠው፤ ልጁም አባቱን መረጠ። እናቲቱ ምክንያቱን ይጠየቅልኝ አለች። ሲጠየቅ፣ እናቱ በየቀኑ ወደ ኪታብ ቤት እንደምትልከውና አስተማሪው እንደሚመታው፣ አባቱ ግን ከልጆች ጋር እንዲጫወት እንደሚተወው ተናገረ። ቃዲው ለእናቲቱ ፈረደ። ይህን ሳነብ ሳቅኩ፤ መልሼ ደግሞ ጥግ ላይ የቆመችውን አለንጋዬን አየሁና ሳቄ ቀረ። ልጅ ሲመርጥ ምርጫው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አዋቂ ያስፈልገዋል።

ዑለማዎች ሐዷና የአሳዳጊው ሐቅ ነው ወይስ የልጁ ብለው ተወያይተዋል። እኔ ትንሽ አስተማሪ ብሆንም ልቤ የሚያጋድለው ለልጁ ነው ወደሚለው ነው። የአሳዳጊው ሐቅ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሲያድግ ለምን ይለወጣል? የሚለወጠው ልጁ የሚያስፈልገው ስለሚለወጥ ነው። ሕፃን ሳለ ጭን ይፈልጋል፤ ከፍ ሲል የሚከተለው ሰው ይፈልጋል።

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። በዚሁ መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል። ፈቃዱ ግን የሁለቱም ወገን መሆን አለበት፤ አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ለአባት ትልቅ መብት ነው፤ አያት በሕግ ፊት ከአባት እኩል ቆማ አትጀምርም። ሆኖም በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እናቱ በሞተችበት ልጅ ላይ አባትና ያሳደገችው አክስት ተከራክረው፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው የሰጡትን ውሳኔ ሽሮ ለአክስቲቱ ወስኗል። ምክንያቱም የልጁ ጥቅም መቅደም አለበት የሚል ነበር። አባት ነኝ የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አልሆነም።

ወደዚያ ሰው ልመለስ። ሄጄ ያልኩህን በጥድፊያ ነው ያልኩት፤ አብረን አያቱ ዘንድ እንሂድ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን መጣ። አያቱ መጅሊሱን አንጥፈው ቡና አፈሉ፤ ለእርሱ ግን ፍንጃሉን ሲሰጡት ፊቱን አላዩትም። «ልጄን ቀበርኩ፤ የቀረኝን ደግሞ መንጠቅ ፈለገ» አሉ። እርሱም «ልጄ እኮ ስሜን አያውቅም፤ ‹ሰውየው› ነው የሚለኝ» አለና ድምፁ ተሰበረ። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። ልጁ በር ላይ ሉሑን አቅፎ ቆሟል።

ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ልጁ ለጊዜው አያቱ ዘንድ እንዲቆይ፣ አባትየው ነፈቃውን በየወሩ እንዲሰጥ፣ መድረሳ በማይኖርበት ኀሙስና ጁሙዓ ልጁ እርሱ ዘንድ እንዲያድር ተስማሙ። ዓመት ሲሆን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርበው እንደገና ሊያዩት ተጻፈ፤ ሦስት ምስክር ፈረመ። አያቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያትሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጀመሪያው ኀሙስ ልጁ ማታ ላይ አያቱን ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ቢያባብሉት እምቢ አለ። አባትየው ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ በጋቢ ጠቅልሎ አዝሎት መጣና የአያቱን በር አንኳኳ። አያቱ ሲከፍቱለት ልጁን አቀበላቸው፤ ምንም አልተናገረም። «ግባ፤ ውጭው ይበርዳል» አሉት።