በምርጫ የሚወሰድ ትምህርትና የኅሊና ታማኝነት

ከገጠር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆቻችን ከሚያነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱን በዚህ ገጽ ልንመለከት እንወዳለን። ተማሪው ታሪክ ወይም ቋንቋ የሚያጠና ነው እንበል። ከሙያው ውጭ አንድ ኮርስ በገዛ ምርጫው እንዲወስድ ሲፈቀድለት፣ ጓደኞቹ ማርክ በቀላሉ የሚገኝበትን ይመርጣሉ፤ እርሱን ግን ፊዚክስ ይስበዋል። ትምህርቱ እንደሚከብደውና ውጤቱን ዝቅ ሊያደርግበት እንደሚችልም ያውቃል። ለመሆኑ ለእንጀራው የማይጠቅመውን፣ ምናልባትም የሚጎዳውን ትምህርት ሊመርጥ ይገባዋልን?

ጥያቄው በተለይ ለድኻ ልጅ ቀላል አይደለም። በደቡብ ጎንደር የሚገኘው እብናት በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበረ። ከእንዲህ ያለ ምድር በግ ሸጦ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰ ገበሬ «ቶሎ ተምረህ ድረስልን» ቢል አይፈረድበትም። ዕውቀትን መውደድ መልካም ነው፤ የወላጅን ውለታ የሚያስረሳ ፍቅር ግን ሥርዐት ይጎድለዋል። ስለዚህም ዋናው ትምህርቱ የተናጋበት ተማሪ ሌላ ሸክም እንዲጨምር አንመክረውም።

ይሁን እንጂ ጥቅም በደመወዝ ብቻ አይለካም። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው ደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ምክንያቱም ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ሽምብራና ባቄላ በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩት ስለዚህ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ የእናቱን የማገዶ ድካም በአዲስ ዐይን ያያል፤ በመጽሐፍ ያነበበው ሕግም በገዛ ቤቱ ምድጃ ላይ ሲሠራ እንደ ኖረ ያስተውላል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም የሚገኘው በቤተ ሙከራ ነው። ተማሪው ክብደት በገመድ አንጠልጥሎ ያወዛውዛል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ 10 ሙሉ ውዝዋዜ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ከዚህም የመሬት ስበት ልክ ይሰላል። መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ ተማሪው ግን 20.6 ሰከንድ ቆጥሮ 9.3 አገኘ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። «20 ሰከንድ ቆጠርሁ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አያውቅበትም፤ ማርኩም ሙሉ ይሆናል። ያገኘውን በእውነት የጻፈ ግን ምክንያቱን ይመረምራል፤ ገመዱን ብቻ ለክቶ ከዚያ በታች እስከ ክብደቱ መካከል ያለውን 5 ሳንቲሜትር እንደ ተወም ይደርስበታል። ቁጥሩን የለወጠው ማርኩን አገኘ፤ ስሕተቱን የሚያውቅበትን በር ግን በገዛ እጁ ዘጋ።

በአገራችን የዚህ ዐይነት ትጋት ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ አባ ፒየር ጉዌን በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን አቋቋሙ። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ለሥራው አመቺ አድርጓት ነበር። አባ ጉዌን ከቀድሞ ጽሑፎችና ከመሣሪያ ምዝገባ የለቀሙትን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ።

ቤልጅጋዊው ካህን ዦርዥ ለሜትርም አጽናፈ ዓለም እየሰፋ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳዩ ሊቅ ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር አዲሱን የሳይንስ ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያቀራርቡ፣ እኒህ ካህን የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ የእምነት ማስረጃ እንዳይደረግ ጥንቃቄን መረጡ። የሚወዱትን ድምዳሜ እንኳ ከመለኪያው በላይ አላደረጉትም። ቁጥርን ለማርክ የሚያጣምምና ሳይንስን ለስብከት የሚያጣምም ሰው በሽታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም መልሱን ከምርመራው አስቀድመው ይወስናሉ።

እንግዲህ ለተማሪው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዋናው ሥራህ የጸና እንደ ሆነ ምረጠው፤ ከመረጥኸውም ያየኸውን ጻፍ። ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጁ ለዕረፍት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ምን አየህ?» ብለን እንጠይቀው። ነገ መምህር፣ ዳኛ ወይም ሒሳብ ሹም ሲሆን 9.3ን 9.8 ብሎ እንዲጽፍ የሚገፋፋው ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ እምቢ የሚልበት ልማድ ዛሬ ማንም በማያየው በዚያ ቁጥር ይጀመራል።