ስለ ምጽዋት ማኅበርና ስለ መልካም ስሙ

ምጽዋት በስውር እንዲደረግ፣ ቀኝ እጅ የምትሰጠውንም ግራ እጅ እንዳታውቅ በተራራው ስብከት ታዟል። በዚያው ስብከት ደግሞ የመልካም ሥራ ብርሃን በሰው ፊት እንዲታይ ተነግሯል። እነዚህ ሁለት ትእዛዛት ባንድ ሰው ላይ አይጣሉም፤ የሚመዘነው የልቡ አሳብ ነውና። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ማኅበር አቁመው፣ የሌላውን ገንዘብ ተቀብለው ለድኻ የሚያደርሱ በሆኑ ጊዜ ጥያቄው ይከብዳል። ማኅበሩ ሥራውን ቢሰውር ማን አምኖ ይሰጠዋል? ቢገልጥስ ከከንቱ ውዳሴ እንዴት ይድናል?

ለዚህ ነገር በእንግሊዝ አገር የተነሣው፣ ሳልቬሽን አርሚ ማለት የመዳን ሠራዊት የሚባለው ማኅበር ምሳሌ ይሆናል። ዊልያም ቡዝ የተባለ ሰባኪ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. በምሥራቅ ሎንዶን በድኾች ሰፈር ሥራውን ጀመረ፤ ማኅበሩም በ1878 ዓ.ም. የሠራዊትን ስም ያዘ። አገልጋዮቹ እንደ ወታደር የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱና መለከት እየነፉ በአደባባይ ሲያልፉ አያሌ ሰዎች ሣቁባቸው፤ በአንዳንድ ከተማም ደበደቧቸው። ከበሮው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረብ ያፈረውን ሰካራምና ቡትቷም ለመጥራት የተመታ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ቡዝ ስለ አገሩ ድኾች መጽሐፍ አሳትሞ ለሥራው መጀመሪያ 100,000 ፓውንድ ከሕዝብ ለመነ፤ ገንዘቡም ሳይውል ሳያድር ተዋጣ። ስመ ጥሩው የተፈጥሮ ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ ግን ይህን ያኽል ገንዘብና ሥልጣን ባንድ ሰው እጅ መሆኑ አደገኛ ነው ሲል በታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ እያከታተለ ተቃወመ። ነቀፋው መራራ ነበር፤ ፍሬው ግን መልካም ሆነ። በ1892 ዓ.ም. የተከበሩ ሰዎች ጉባኤ መዝገቡን መርምሮ፣ ቡዝም ሆነ ቤተ ሰቡ ከዚያ ገንዘብ ለራሳቸው ጥቅም እንዳልወሰዱ መሰከረ። ከበሮ ሰውን ይሰበስባል፤ የሚያሳምነው ግን የተከፈተ መዝገብ ነው።

ከመዝገብም በላይ የሚመሰክር ሥራው ራሱ ነው። በዚያ ዘመን ክብሪት የሚሠራበት ነጭ ፎስፈረስ የሠራተኞችን የመንጋጋ አጥንት ያበሰብስ ነበር። ማኅበሩ በ1891 ዓ.ም. የክብሪት ፋብሪካ ከፍቶ ይህን ጉዳት በማያመጣው በቀዩ ፎስፈረስ አሠራ፤ ደመወዙንም ከሌሎቹ አበለጠ። ክብሪቱ ዋጋው ስለ ተወደደ ፋብሪካው ብዙ ዓመት አልቆየም። ዳሩ ግን በ1908 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክር ቤት ነጩን ፎስፈረስ ለክብሪት እንዳይውል በሕግ ከለከለ። ፋብሪካው ቢዘጋም፣ ድኻን ሳይገድሉ ክብሪት መሥራት እንደሚቻል አስቀድሞ አሳይቶ ነበር።

እንግዲህ የሚሰወረውና የሚገለጠው መለየት አለበት። ሰጪው ስሙን ይሰውር፤ ማኅበሩ ሒሳቡን ይግለጥ፤ የተቀባዩ ክብር ግን ይሸፈን። ከፍትፍቱ ፊቱ እንደ ተባለ፣ የተራበ ሰው እንጀራውን ከመጕረሱ በፊት ፊቱ ለማስታወቂያ ከተሸጠ፣ የበላው በገዛ ኀፍረቱ የገዛውን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ፈተና ግን በማኅበሩ ውስጥ በደል በተገኘ ጊዜ የሚመጣው ነው። ያን ጊዜ፣ ነገሩ ቢወጣ ሰጪዎች ይሸሻሉ፣ ድኾችም ይራባሉ፤ ስለዚህ ስለ ድኾቹ ሲባል ዝም ይባል የሚል ምክር ይነሣል። ምክሩ ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሰረቀውን ድኻ ሁለተኛ መስረቅ ነው። መልካም ስም የማኅበሩ ሀብት አይደለም፤ ሰጪው ለድኻው ብሎ በዐደራ ያስቀመጠው ነው። ዐደራ የተቀበለም ሰው የጐደለውን ይናገራል እንጂ ከረጢቱን በገለባ ሞልቶ አያሳይም።