የኋላው እሺ ሲል

ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ያየ ሰው ዓይኑ ክንፉና ሞተሩ ላይ ያርፋል። እኔን የሚማርኩኝ ከሆዱ ሥር ያሉት ጎማዎች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነት የሚያመላልስበት ቦይንግ 777 ርዝመቱ 64 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሳ ከ340 ቶን በላይ ይመዝናል። ከዚህ ክብደት አብዛኛውን የሚሸከሙት በክንፎቹ ሥር ያሉት ሁለት እግሮች ናቸው። እያንዳንዱ እግር በሦስት ረድፍ ስድስት ጎማ አለው። አብራሪው በመሪው የሚያዞረው ግን ከአፍንጫው ሥር ያሉትን ሁለት ጎማዎች ነው።

አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሦስቱ ረድፎች ይስማማሉ። ጠበብ ባለ ኩርባ ሲታጠፍ ግን ሁሉም እኩል ሊንከባለሉ አይችሉም፤ ያልተስማማው በጎኑ እየተጎተተ አስፋልቱን ይፍቃል። ብዙ ጎማ ያለው ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ነገሩን ያውቀዋል፤ ጎማ የሚበላው መታጠፊያው ላይ ነው። በዚህ ክብደት ደግሞ እግሩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ የፊቱም ጎማ ዞሮ ሳለ ሊንሸራተት ይችላል።

መሐንዲሶቹ መፍትሔውን ከኋላ ፈለጉት። የፊቱ ጎማ ከ13 ዲግሪ በላይ ሲዞር፣ የእግሮቹ የመጨረሻ ረድፍ በተቃራኒው አቅጣጫ እስከ 8 ዲግሪ ይዞራል። በቦይንግ 747 ደግሞ ከሆድ ሥር ያሉት ሁለት እግሮች እንዳሉ ይዞራሉ። የ777ቱ ስምንት ዲግሪ ከሩቅ ለሚያይ ምንም አይደለም፤ ለጎማው ግን በመንከባለልና በመፋቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስለ መምራት ስናወራ ዘወትር ፊት የቆመውን እናያለን። እዚህ ግን አቅጣጫ የሚያሳየው ሸክሙ የቀለለለት ነው፤ ሸክሙን የያዘው እሺ ካላለ መዞሩ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ይበልጥ የሚያስገርመኝ የእሺታው መልክ ነው። የኋላው ረድፍ ወደ ተቃራኒ ሲዞር ለተመልካች እምቢታ ይመስላል። ነገር ግን ከፊትና ከኋላ ያሉ ጎማዎች አንድ ማዕከል የሚዞሩት እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢዞሩ ኖሮ አውሮፕላኑ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ጎን ይሄድ ነበር። እየተቃረኑ መተባበር የሚባል ነገር መኖሩን በብረትና በጎማ ሳየው ደስ ይለኛል።

እሺታውም ጊዜ አለው። አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲንደረደር ያው ረድፍ ቀጥ ብሎ መቆለፍ ይኖርበታል። ሳይቆለፍ ለሞተሮቹ የመነሻ ጉልበት ከተሰጣቸው፣ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል።