የጋራ ደን ያቃጠለ ማንን ይቅርታ ይጠይቃል?

 

ስለ ሶላትና ስለ ዘካ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን ከመስጊድ ወጥተን ቀና ስንል ስለሚታየን ተራራ ላነሳ ፈለግሁ። ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ወደ መካነ ሰላምም የሚጓዝ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በባሕር ዛፍና በተራቆተ ገደል ላይ ነው። የጥንቱ ወይራና ጽድ የተረፈው ባብዛኛው በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመቃብር ሥፍራም ነው። በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ጫካ፣ የጭላዳውና የቀይ ቀበሮው መጠጊያ፣ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው።

በአገራችን ደን የሚቃጠለው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሰው እጅ ነው። ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ አባሮ ችቦውን ሳያጠፋ ይሄዳል። ከሰል አክሳዩ ፍሙን ትቶ ይነሳል። እርሻ ፈላጊው መንጥሮ ይለኩሳል። ቂሙን በእሳት የሚወጣም አለ። በ1992 ዓ.ም በባሌና በቦረና በተነሳው ቃጠሎ ብዙ ሺህ ሄክታር ደን ወድሟል፤ ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ ዘምቶ፣ ከውጭ አገርም ባለሙያ መጥቶ ነው የተገታው። በ2011 ዓ.ም ደግሞ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተዋል። አስታና ጓሳ በደረቀ ጊዜ እሳት ከያዘው ነፋስ እንጂ ሰው አይቀድመውም።

ኩታበር ላይ አንድ አባት «ልጄ፣ የምናቃጥለው እኮ ሣሩ እንዲያድስልን ነው» ብለውኛል። እውነት አላቸው፣ አመዱ ለአንድ ክረምት ያለመልማል። ነገር ግን አፈሩን አቅፎ የያዘው ሥርና ቅጠል ከተቃጠለ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ለም አፈሩን ጠርጎ በበሽሎ በኩል ወደ አባይ ይወስደዋል። ውሃው ወደ መሬት ሳይሰርግ ስለሚሮጥ ምንጩ በበጋ ይነጥፋል። ታዲያ ለአንድ ክረምት ሣር የብዙ ዓመት አፈር መክፈል ትርፍ ነውን?

ሃይማኖታችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እሳት የሰው ጠላት መሆኑን አስታውሰው ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ባልደረቦቻቸው የጉንዳን መንደር ማቃጠላቸውን ሲያዩም በእሳት መቅጣት የእሳት ጌታ ብቻ ሥልጣን መሆኑን ነግረዋቸዋል፤ ይህን አቡ ዳውድ ዘግቦታል። ለጉንዳን ይህን ያህል ከተባለ በአንድ ክብሪት ከነጫጩቱ፣ ከነግልገሉ ለሚነደው ጫካ ምን ይባል ይሆን? የፊቅህ ሊቃውንትም በራሱ ማሳ ላይ እንኳ በነፋስ ቀን እሳት ለኩሶ የጎረቤቱን ንብረት ያስበላ ሰው ካሣ እንዳለበት ጽፈዋል። «በመሬቴ ላይ ነው» ማለት አላዳነውም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የሐቅ ጉዳይ ነው። የአንድን ሰው በግ የሰረቀ፣ ቢጸጸት በጉን መልሶ «አውፍ በለኝ» ሊለው ይችላል። የጋራ ደን ያቃጠለ የማንን በር ያንኳኳል? ምንጩ የደረቀባት እናት፣ ማሳው በጎርፍ የተወሰደበት የቆላ ገበሬ፣ ገና ያልተወለደው ሕፃን፣ ሁሉም ባለ ሐቅ ናቸው። «የመንግሥት ነው» ወይም «የማንም አይደለም» እያልን የምናቀለው ወንጀል፣ ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እኛ ዝም ያልነውስ? የለኮሰውን እያወቅን «ጎረቤቴ ነው፣ ዘመዴ ነው» ብለን የምንሸፍነው፣ ሌላው መርከብ ሲበሳ ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ተሳፋሪ ነን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ምሳሌ የመከሩን፣ የሚሰጥመው በሳዩ ብቻ አለመሆኑን እንድናውቅ ነው።

ስለዚህ ኢማሞቻችን ጥር ሳይገባ የጁሙዓ ኹጥባቸውን ለዚህ ያውሉ። ማር ቆራጩና ከሰል አክሳዩ እሳቱን በአፈርና በውሃ አጥፍቶ ይነሳ። በነፋስ ቀን ማንም ማሳውን አያቃጥል። መንደሩ በደኑ ዙሪያ ሣሩን አጭዶ እሳት የማይሻገረው ባዶ መስመር ያውጣ፤ ይህን ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ይሥራው፣ እሳቱ ሃይማኖት አይለይምና። የተቃጠለውንም ይትከል፤ ሙስሊም ከተከለው ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ቃል ተገብቶለታል።

አላህ የሰው ሐቅ ሳይኖርብን እርሱ ዘንድ የምንቀርብ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።