ውሃ ሳይፈልጉ ተየሙም የለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የሶላት ወቅት የገባበትና ውሃ ያልያዘ ሰው ወዲያው አፈር መትቶ ተየሙም ያደርጋል? በሻፊዒይ መዝሀብ የቀራ ሁሉ መልሱን ያውቃል፦ መጀመሪያ ይፈልጋል። ጓዙን ይፈትሻል፣ ዙሪያውን ያያል፣ አብረውት ያሉትን ይጠይቃል። ፈልጎ ካጣ ሸሪዓው በሩን ይከፍትለታል። ሳይፈልግ "ውሃ የለም" ካለ ግን የተናገረው ያላረጋገጠውን ነው።

በዛሬው የጁሙዓ ነሲሓችን ይህን ሕግ ይዘን ወደ ቤተ ሙከራ እንግባ።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ነቀምት ላይ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጆቻችን ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ የእንስሳት ሕክምናና ባዮሎጂ ተምረዋል። በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶቹም፣ በደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲም የሚማሩ አሉ። ከእነርሱ አንዱ አያቶቻችን ለቁስል ወይም ለሆድ ሕመም የሚጠቀሙበትን ቅጠል ለመመረቂያ ጥናቱ ይመርጥና በነጭ አይጥ ላይ ሊሞክረው ይነሳል። ሌላው ደግሞ የደም ዝውውርን ሊያስተምር እንቁራሪት ያስይዛል። "ያለ እንስሳ አይሆንም ወይ?" ብትሏቸው መልሱ ብዙ ጊዜ "አማራጭ የለም" ነው።

ፈልገሃል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩ አእዋፍ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ሙስሊም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ አስተምረዋል፤ የሚያርድ ሰው እንኳ ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዘዋል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ወፍ አስረው በቀስት የሚለማመዱ ወጣቶችን ባየ ጊዜ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንደረገሙ ነግሯቸዋል። ልብ በሉ! ወጣቶቹም ልምምድ ላይ ነበሩ። ኢላማውን ግን ከእንጨት መሥራት ይቻል ነበር።

ታዲያ ሙከራ ሁሉ ሐራም ነው ማለታችን ነው? አይደለም። ለሰው ሕይወት የሚያስፈልግ እውነተኛ ጥናትን በርካታ የዘመናችን ዓሊሞች በመስፈርት ይፈቅዳሉ። ግን ዶሩራ የሚፈቅደው በልኩ ነው፤ ልኩም የሚታወቀው ከፍለጋ በኋላ ነው። ሳይንሱም በራሱ መንገድ እዚሁ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሦስት መርሆች አስቀመጡ፦ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ ያም ካልሆነ ስቃዩን ማቅለል።

"ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው" የሚል ይኖራል። የራሳችንን አገር ታሪክ እንይ። ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ፣ ሕዝቡ "ፓስተር" በሚለው ተቋም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሠራ የነበረው ከበግ አንጎል ነው። በጉ በቫይረሱ እንዲታመም ይደረጋል፣ ከዚያ አንጎሉ ይወሰዳል። የተነከሰውም ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ በየቀኑ ይወጋ ነበር፤ አንዳንዱንም ክትባቱ ራሱ ነርቩን ይጎዳው ነበር። ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈልገው፣ ቫይረሱን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚባዛ ሕዋስ ላይ ማሳደግ ቻሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም አገሮች የአንጎሉን ክትባት ትተው ይህን እንዲይዙ መከረ። አዲሱ ክትባት በጥቂት መርፌ ይበቃል፣ አደጋውም እጅግ ያነሰ ነው። ፍለጋው ለበጉም ለልጃችንም ራሕመት ሆነ።

ታዲያ ከነቀምት ሆነን እንዴት እንፈልግ?

አንደኛ፣ አይጥ ከመያዛችሁ በፊት የቅጠሉን ሳይንሳዊ ስም ፐብሜድ ላይ ጻፉና ፈልጉ፤ ፐብሜድ ለማንም ነፃ ነው። ከስሙ ጋር "ኢን ቪትሮ" የሚለውን ጨምሩ፤ በሕዋስ ላይ የተሠራውን ያወጣላችኋል። ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰውን መድገም የነፍስ ብክነት ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቃችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን ይከፍታል። የላይብረሪ ሠራተኞችን ጠይቁ። ቁርኣን የማታውቁትን የሚያውቁትን ጠይቁ ብሎናልና።

ሦስተኛ፣ የመርዛማነት ምርመራ ከሆነ ዘዴውን አጣሩ። ከእንስሳቱ ግማሹን የሚገድለውን መጠን የሚፈልገውን አሮጌ ምርመራ ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመመሪያው ሰርዞታል። በቦታው የገቡት በጣም ጥቂት እንስሳ ይበቃቸዋል።

አራተኛ፣ ለማስተማር ከሆነ ኖሪና የሚባለው የኖርዌይ መዝገብ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞዴሎችን፣ ፊልሞችንና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ሰብስቧል። የስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ መድኃኒት በአይጥ የደም ግፊት ላይ የሚያደርገውን ለውጥ በኮምፒውተር የሚያሳይ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። አንዴ ካወረዳችሁት ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል።

አምስተኛ፣ ቅርባችሁን አትርሱ። የልብን ክፍሎች ለማሳየት ሕያው እንስሳ መግደል ለምን አስፈለገ? ለምግብ የታረደ የበግ ልብ፣ ሳንባና ዓይን ከሥጋ ቤት ይገኛል።

መምህር ከሆናችሁ፣ ፕሮፖዛል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት "የት የት ፈለግክ?" ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪ ከሆናችሁ ያገኛችሁትን አትማችሁ፣ በአደብ ለአማካሪያችሁ አቅርቡ። ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ ልጃችሁን ከውጤቱ ጋር ስለ አማናውም ጠይቁት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አንዲት ሴት ድመት አስራ በረሃብ በመግደሏ እንደተቀጣች፣ ውሻ ያጠጣ ሰውም ምሕረት እንዳገኘ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ድመቷም ውሻውም አፍ አውጥተው አልከሰሱም፣ አላመሰገኑም። አላህ ግን አየ። በሣጥን ውስጥ ያለችውንም ነጭ አይጥ ያያል፤ ከመያዟ በፊት የፈለገውንም፣ ያልፈለገውንም ያውቃል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ አዛኝ ልብንና ለፍለጋ የሚተጋ እጅን ይስጠን። ለታመሙት ሺፋእ፣ ለአገራችን ሰላም ያውርድ። አሚን።

መልካም ጁሙዓ! ለምታውቁት ተማሪና መምህር ሼር አድርጉለት።