ስለ ሥጋዊ ልብና ስለ አረጋውያን አእምሮ

ቋንቋችን ደም የሚረጨውን የሥጋ ክፍልና ማስተዋልን በአንድ ቃል «ልብ» ብሎ ይጠራል። የሚያስተውለውን ሰው «ልብ አለው»፥ የማያስተውለውን «ልበ ቢስ» እንላለን። የሕክምና ሊቃውንት ማሰቢያው አንጎል መሆኑን ቢያስረዱንም፥ በእርጅና ዘመን የአንዱ ድካም ለሌላው እንደሚተርፍ እነርሱው ራሳቸው ደርሰውበታል። እንግዲህ ሥጋዊ ልብ ደክሞ የሽማግሌው አእምሮ ሲደበዝዝ ነፍሱ ጎደለች እንበልን? እኛስ ለእርሱ ያለብን ዕዳ ምንድር ነው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የተነሣ አይደለም። በመርካቶ፥ በሰባተኛ ሠፈር፥ ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ የኖረ፥ የዱቤ ሒሳቡን ያለ መዝገብ በቃሉ ይይዝ የነበረ ሰው፥ ሰማንያውን ካለፈ በኋላ ትናንት የተከፈለውን ገንዘብ ዛሬ መልሶ ሲጠይቅ ይታይ ይሆናል። ጎረቤቱ «ጃጅቷል» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱም ከዚህ አልፎ የገንዘብ ፍቅር ነው፥ አለዚያም የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ይላል። ይህ ፍርድ እጅግ የቸኮለ ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከ100 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ከ100 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህንንም በደም አማካይነት የሚልክለት ልብ ነው። በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያዎች የተመላለሰ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ተሸካሚው ብርቱ ቢሆን እንኳ መንገዱ ከተዘጋ ዕቃው ከሱቁ አይደርስም፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ተሸካሚው ቢዝልም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመት ያልታከመ የደም ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደነድናል፥ ያጠብባልም። የልብ ምት ሲዛባም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሰውየው በድንገት ባይወድቅ እንኳ ማስታወሱና ነገር ማቀናበሩ በጥቂት በጥቂቱ ይዘገያል። መርሳት ሁሉ ከልብ ይመጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የሊቃውንት ዘገባ፥ በዓለም ካለው የመርሳት ደዌ ከ100 45 እጅ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቶ፥ የደም ግፊትን፥ የስኳር በሽታን፥ ትንባሆንና በደም ውስጥ የሚበዛውን ጎጂ ስብ ከምክንያቶቹ መካከል ቆጥሯል።

ይሁንና በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ 85 ዓመት የሞላቸውን አረጋውያን የተከታተሉ ሊቃውንት፥ በዚያ ዕድሜ ዝቅ ያለ ግፊትም ከአእምሮ ድካም ጋር አብሮ እንደሚገኝ ተመልክተዋል። ስለዚህ ለጎልማሳ የተሰጠ ምክር ለዘጠና ዓመት አረጋዊ እንዳለ አይሰጥም፤ ልጆችም የራሳቸውን መድኃኒት ለአባታቸው ማካፈላቸው አደገኛ ነው።

ወደ ነፍስ ጥያቄ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን ሕፃን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን አጥምቃ ቅዱስ ቍርባን ታቀብላለች፤ ሕፃኑ ግን የተቀበለውን ምሥጢር ሊያስረዳ አይችልም። ማሰብ ያልጀመረውን በእቅፏ የተቀበለች እናት ማሰብ የደከመውን ልትገፋ አይገባትም። መጽሐፈ ሲራክም በ3ኛው ምዕራፍ አእምሮው የደከመውን አባት ልጁ እንዲታገሠው እንጂ እንዳይንቀው ያዝዛል። የልጁን ስም የረሳ አረጋዊ አቡነ ዘበሰማያትን ሳያቋርጥ ሲደግም የሰማ ካህን ደግሞ ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

ዕዳችን ግን በመታገሥ ብቻ አይፈጸምም። በጾም ወራት የግፊት መድኃኒታቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ፥ ወይም ጠበል ጀምረናል ብለው ፈጽመው የሚተዉ አረጋውያን አሉ። ቀናነታቸውን እናከብራለን፤ ሆኖም ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው አንቀጽ 15 የታመመውን ሰው ለይቶ ያየዋል፤ ጠበሉም መድኃኒቱን ይከለክላል የሚል ትምህርት አልተማርንም። በዚህ ነገር የንስሐ አባት አንድ ቃል ከሐኪሙ ብዙ ቃል ይበልጥ ይሰማል። ከግፊት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሐኪሙ ሰዓታቸውን ወደ ማታ ሊያዛውር ይችላል፤ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ግን ሽማግሌውን በሌሊት እያስነሣ ሊጥለው ስለሚችል፥ ሰዓቱን ቤተ ሰቡ በራሱ አይለውጠው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካህኑ ወደ አረጋዊው ቤት ሲሄድ ከጸሎቱ በኋላ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ፥ በየስንት ሰዓቱም ማን እንደሚሰጠው ይጠይቅ።