እኩል ናቸው ወይስ አንድ?

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ዕድሜ = ዕድሜ + 1» የሚል መስመር ይገጥመዋል። (እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 በፊደላችን መሰየምን ስለሚፈቅድ፣ አስቀድሞ «ዕድሜ = 30» ካልን መስመሩ እንዳለ ይሠራል።) በሒሳብ ዓይን ይህ ሐሰት ነው፤ ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር የለም። እዚህ ግን ምልክቱ ትእዛዝ ነው፤ የቀኙ አስቀድሞ ይሰላል፣ ከዚያ የግራው ስም ለውጤቱ ይሰጣል። 30 ራሱ 31 አልሆነም፤ ስሙ ነው የዞረው። ወደ አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ አይገባም ብሏል ለሚባለው ለሄራክሊተስ በዚህ መስመር ብቻ ቢሆን እንፈርድለት ነበር፤ ከለውጡ የተረፈው ስም ብቻ ነውና።

ዝርዝር ሲመጣ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። «ሀ = [1, 2]» ብለን «ለ = ሀ» ብንል ሁለት ስም ያለው አንድ ዝርዝር ይኖረናል። «ሐ = [1, 2]» ስንል ደግሞ ይዘቱ ያው የሆነ ሌላ ዝርዝር ይፈጠራል። ሦስቱም እኩል ናቸው። በ«ለ» በኩል 3 ብንጨምር «ሀ»ም አብሮ ያድጋል፤ «ሐ» ባለበት ይቀራል። እኩልነትን ከአንድነት የለየልን ለውጡ ነው። በማይለወጡት ዘንድ ጥያቄው ፋይዳ የለውም፤ በብዛት የሚሠራበት ፓይተን ከ-5 እስከ 256 ያሉትን ቁጥሮች አንዴ ፈጥሮ ለጠራቸው ሁሉ ያንኑ ያቀብላል፣ ማንም ልብ አይለውም። እንግዲህ ለውጥ ማንነትን ያፈርሳል የሚለው አሮጌ ስጋት ነገሩን ገልብጦ የያዘ ይመስለኛል፤ አንድነት ትርጉም የሚያገኘው ለውጥ ባለበት ነው።

በምንም የማይለያዩ ሁለት ነገሮች የሉም የሚለው የፈላስፋው የላይብኒዝ ወገን «ሀ»ና «ሐ» ሳይለወጡም በሜሞሪ አድራሻቸው ይለያያሉ ይለኝ ይሆናል። ፓይፓይ የተባለው የፓይተን ዓይነት ግን ዕቃዎቹን ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ ማንነታቸው አይናጋም። አድራሻ ማደሪያ ብቻ ነው። የሃይማኖት ሰው ደግሞ «የማይለወጠው እግዚአብሔርስ?» ቢል የበለጠ ያሳስበኛል። ይሁንና ለውጥ የተባለው መለያ የሚያስፈልገው ግልባጭ ሊኖረው ለሚችል ነገር ነው፤ አቻ የሌለውን ከማን እንለየዋለን?

ሰው ግን ተለዋዋጭ ነው፤ ንስሐም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የበደለውና የተጸጸተው እኩል አይደሉም፤ አንድ ባይሆኑ ግን ይቅርታው ባለቤት ባልኖረው። የተለወጠን ሰው «ያ ሰው አይደለም» የሚሉ ወዳጆቹ ሊያመሰግኑት ፈልገው በደሉንም ንስሐውንም ይነጥቁታል።